ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አይደለም። ስለ ብረት ነው። አዎ፣ ስለ ጠመንጃ። «አንተ የሰብል ባለሙያ፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያገባኛል፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ለምን እንደሚያገባኝ ታዩታላችሁ።

ነገሩ የተነሳው ከሽንዲ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ማሳ ላይ ነው። በቆሎ በመስመር እየዘራን፣ ገመድ ወጥረን 75 በ30 ሳንቲ ሜትር እየለካን ነበር። ባለ ማሳው ጎበዝ ገበሬ ነው፤ እኔ ከምነግረው በላይ እሱ የሚነግረኝ ይበዛል። ለቡና አረፍ ስንል ስልኩን አወጣና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ባርኔጣ ያደረገ አሜሪካዊ ከብት አርቢ ከመኪናው ይወርድና ቀጠን ያለች ጠመንጃ አንስቶ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ያደርጋል። በመካከሉ እጁ ምንም አይነካም። ጣቱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«ይቺ የገበሬ መሣሪያ ናት አሉኝ» አለኝ። «ቀላል ናት፣ አንድ አንድ ነው የምትተኩሰው። ዝንጀሮው የዘራሁትን እየጫረ ፈጀኝ። ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እንዲህ ያለችውን ወይ ኤስኬኤሱን ልግዛ? ምን ትለኛለህ? አንዱን በሬ ልሸጠው አስቤያለሁ።»

እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ መልስ አጣሁ። ስለ ዘር መጠን ቢጠይቀኝ ኖሮ ወዲያው እመልስ ነበር። «ቆይ፣ አስቤ እነግርሃለሁ» ብዬ ተለያየን። ይኸው ማሰቤን ነው የምጽፈው። እሱም ያነበዋል፤ እናንተም አንብቡት፤ ይህን ጥያቄ በልቡ የያዘው እሱ ብቻ አይደለምና።

መጀመሪያ ስለዚያች የፈረንጅ ጠመንጃ። ሩገር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራት ናት፤ ሚኒ 14 ትባላለች። አንዱን ዓይነቷን «ራንች ራይፍል» ይሉታል፤ የከብት እርባታ ጠመንጃ እንደ ማለት ነው። ክብደቷ ከ3 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ትተኩስና ባዶውን ቀለህ ጥላ ቀጣዩን ጥይት ራሷ ታጎርሳለች። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ይኸ ነው። እኛ አገር ለሷ የሚቀርበው ኤስኬኤስ ነው፤ ሲሞኖቭ የምትሉትም አላችሁ። ሲሞኖቭ የሠራው ሰውዬ ስም ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1945 አካባቢ ያወጣው ነው። 10 ጥይት ይጎርሳል፣ 4 ኪሎ አይሞላም፣ እንደ ክላሽ በተርታ አያርከፈክፍም። ለዚህ ነው ብዙ ገበሬ «ልከኛ መሣሪያ» የሚለው። እውነት ነው፣ ልከኛ ይመስላል።

ነገር ግን ያ አሜሪካዊ የሚተኩስበትን መሬት በደንብ እዩት። ከኋላው ቤት የለም። ከፊቱ ቤት የለም። እረኛ ሕፃን የለም፣ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት የለችም። የኛ ማሳ ግማሽ ሄክታር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ጤፍ፣ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ጓሮ ነው። ጥይት ዝንጀሮ ስለሳተ እዚያ ወድቆ አይቀርም። የኤስኬኤስ ጥይት ኪሎ ሜትር አልፎም ሰው ይገድላል። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ አያቆመውም። ይኸኛውን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው።

የሚቀጥለውን የምጽፈው የአባቴን ፈቃድ ጠይቄ ነው። «ጻፈው፣ ሰው ይማርበት፤ ስሜን ግን አትጥራ» ብሎኛል።

አባቴ ያደገው በምንሽር ነው። ምንሽሩ የአያቴ ነበር። መቼም የኛ አገር ሰው ከብረት ጋር ያለውን ነገር ታውቁታላችሁ። ውጅግራው፣ ሰናድሩ፣ ምንሽሩ እያንዳንዱ የፈረንጅ ስሙ ተረስቶ በእኛ አፍ ስም የወጣለት፣ እንደ ቤተሰብ የሚጠራ ነው። በጣሊያን ጊዜ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኛ የታጠቀው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከጠላት የማረከውንም ጨምሮ። ስለዚህ አንድ አባወራ ብረት ሲመኝ ጥጋበኛ ነው ብዬ አልፈርድም። አባቴም ጥጋበኛ አልነበረም።

በ2004 ዓ.ም. የከብት ሌባ በዛ ተባለ። ዝንጀሮውም ከገደሉ እየወጣ በቆሎውን አላስቀምጥ አለ። አባቴ ምንሽሩንና ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሸጠና ኤስኬኤስ ገዛ። እኔ ያኔ 12 ዓመቴ ነበር፤ ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልክድም። አባቴ አንግቶት ከበር ሲገባ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

በሬው ግን ጎደለ። አንድ በሬ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። መቀናጆ ገባን። ተራችንን ጠብቀን ነበር የምናርስ፤ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ ተራው የጎረቤት ሆነ። ጎረቤታችን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም የራሱን ማድረስ አለበት። የኛ በቆሎ ዘግይቶ ተዘራ፤ ዳጉሳውም ሳይታረስለት በወጉ ቆየ። በዚያ ዓመት ዝንጀሮ ከበላብን ይልቅ መዘግየቱ የበላብን ይበልጣል። ይህን ያኔ አላወቅሁም፤ ወረታ ግብርና ኮሌጅ ገብቼ ስለ መዝሪያ ጊዜ ስማር ነው አባቴ የሸጠው በሬ ድንገት ትዝ ያለኝ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ፊቴ ጋለ።

በሬው ግን ይመለሳል። በሁለት ዓመት ወይፈን አሳድገን ጥማዱን ሞላን።

በ2005 ዓ.ም. መስከረም፣ እሸት በደረሰበት ሰሞን አባቴ ከማማው ላይ አድሮ ጠዋት ዝንጀሮ መጣ። አንድ ጊዜ ተኮሰ። ሳተው። መንጋው ግን ገደል ገባ። ቤት መጣና ብረቱን ግድግዳው ላይ ካለው ችካል አንጠለጠለው፤ ቁርስ ቀረበ። ታናሽ ወንድሜ «አባዬ፣ ጥይት አለው?» ሲለው «የለውም፣ ተኩሼዋለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አባቴ አልዋሸም። 30 ዓመት ሙሉ በምንሽር እጁ የለመደውን ነው የተናገረው። ምንሽር ተኩሰህ እጅህን ካላነሳህና ካላቀባበልከው፣ አፉ ውስጥ ያለው ባዶ ቀለህ ብቻ ነው። ቢወድቅም፣ ሕፃን ቢነካውም አይተኩስም። ኤስኬኤሱ ግን አባቴ ቃታውን እንደ ሳበ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ሁለተኛውን ጥይት ራሱ ጎርሷል። የተኮሰ ጠመንጃ ማለት የባሰ የተዘጋጀ ጠመንጃ ማለት ነው። የሰውዬው ልማድ ከሸጠው ብረት ጋር አልሄደም፤ ከሱው ጋር ቀርቶ ነበር።

አባቴ ለእርሻ ወጣ። ወንድሜ 10 ዓመቱ ነው፤ ችካሉ ላይ ደርሶ አወረደው። «ባዶ ነው» ተብሏል፤ ልጅ ደግሞ አባቱን ያምናል። እህቴ 8 ዓመቷ ነበር፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅም ነበር። ድምፁን እኔ ከውጭ ሰማሁት። ስገባ ቤቱ ጭስ ነው። ጥይቱ በእህቴ ጆሮ አጠገብ አልፎ፣ ጎታውን በስቶ፣ ግድግዳውን በስቶ ወጥቷል። በኋላ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ላይ አገኘነው። ከጎታው ዳጉሳ እንደ ውሃ ይፈሳል። እናቴ በአንድ እጇ እህቴን አቅፋ በሌላው መዳፏ የጎታውን ቀዳዳ ደፍና ቆማለች። ሁለቱም ልጆቿ መትረፋቸውን ካየች በኋላ እንኳ እጇን ከቀዳዳው አላነሳችም። ሰዎች መጥተው ነው በቀስታ ያላቀቋት።

ደም አልነበረም። «እግዚአብሔር አወጣችሁ» ተባለ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ተመሰገነ። የእህቴ አንድ ጆሮ እንደማይሰማ ያወቅነው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ስንጠራት ወደ ሌላ አቅጣጫ እየዞረች ታይ ጀመር። ቤት ውስጥ የተተኮሰ ጠመንጃ ድምፁ ብቻውን ጆሮ ያጠፋል።

እንግዲህ ኤስኬኤስ ያላችሁ፣ ይህን ከአባቴ ቤት ተማሩት። ተኩሳችሁ ስታበቁ ማቀባበያውን መሳብ ብቻ አይበቃም። ካዝናው ውስጥ ጥይት ካለ፣ ስባችሁ ስትለቁት ሌላውን ያጎርሳል። መጀመሪያ አፈ ሙዙን ሰውም ከብትም ቤትም ወደሌለበት አድርጉ፣ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ። ከዚያ የካዝናውን ሆድ ከሥር ከፍታችሁ ጥይቱን አራግፉ፣ ቀጥሎ ስባችሁ የጎረሰውን አስወጡ፣ ከዚያ በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ጨለማ ከሆነ በጣታችሁ ዳስሱ። ጤነኛ ኤስኬኤስ የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ተዘግቶ ካያችሁት «ባዶ ነው» አትበሉ። ሌላው ሰው «ባዶ ነው» ብሎ ሲሰጣችሁም እንደገና እዩት። እሱ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ይቀየም።

ሌላም አለ። በብዙዎቹ ኤስኬኤሶች ውስጥ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ስፕሪንግ የለውም፤ በቆሻሻ፣ በደረቀ ቅባት ወይም በዝገት ከተያዘ ወደ ፊት እንደወጣ ይቀራል። ያኔ ቃታ ሳትነኩት፣ ሲያቀባብሉት ብቻ ይተኩሳል። ክረምቱን ሙሉ ጭስ ቤት ተሰቅሎ የከረመ ብረት ለበዓል አውርዳችሁ ስታቀባብሉ ልጆች ከበዋችሁ ከሆነ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት።

ስለ ሠርግና ስለ ለቅሶ ተኩስ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። ሲመለስም ሰው ይገድላል።

አባቴ ብረቱን አልሸጠም። እኔ እንዲሸጠው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የብረቱ አይደለም» አለ። ጥይቱን ግን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁልፉን ደግሞ ለእናቴ ሰጣት፤ እስከ ዛሬ መቀነቷ ላይ አስራው ትዞራለች። ብረቱ አንድ ቦታ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ቁልፉ በሦስተኛ ሰው እጅ። ሌባ ቢመጣ እስኪከፈት ጊዜ ይወስዳል የምትሉ ትኖራላችሁ። ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ዓመት እኛ ቤት ሌባ አንድም ቀን አልመጣም፤ ልጅ ግን በየቀኑ ነበረ።

አሁን ደግሞ ስለራሴ ልንገራችሁ፤ የአባቴን ብቻ አውርቼ የራሴን ብደብቅ ደግ አይደለም። ባለፈው ዓመት እቁብ ደረሰኝ። የዲኤ ደመወዝ ታውቁታላችሁ፤ እቁብ ሲደርስ ነው ሰው የምሆነው። በእግሬ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ፣ ይመሽብኛል፣ ጊዜው ደግሞ እንደምታውቁት ነው። የእህቴን ጆሮ እያየሁ ያደግሁ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰውዬ፣ ኤስኬኤስ ልገዛ ሄድኩ። አንድ ሰው ቤት በጆንያ ተጠቅልሎ አሳዩኝ። አንስቼ ያዝኩት። ቀለለኝ። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ አባቴ በር ላይ የቆመበት ቀን ትዝ አለኝ፤ እኔም ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት።

ያዳነኝ ብልህነቴ አይደለም። ገለበጥ አድርጌ ቁጥሩን ስፈልግ ቁጥሩ የለም፤ በሞረድ ተፍቋል። «ይኸስ?» ስል «ምን ያደርግልሃል፣ ቁጥር አይተኩስ» አለኝ ሰውዬው። ሳቅን። ገንዘቤን ግን ከኪሴ አላወጣሁም።

ቁጥር አይተኩስም፤ ግን ቁጥር የሌለው ብረት ፈቃድ አይወጣለትም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ ከእጅ እጅ መሸጥም፣ መግዛትም ወንጀል ነው። ስለዚህ በሬውን ገበያ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ቀብድም ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃድ ሰጪው ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ለኔ ዓይነቱ ሰው ይፈቀዳል ወይ፣ የምፈልገው ዓይነት ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ። ከገዙ በኋላ መጠየቅ ከዘሩ በኋላ ማሳ እንደ ማረስ ነው። ፈቃድ ያላችሁም ብትሆኑ ገበያ፣ ስብሰባ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት አትሂዱ።

የዱር እንስሳም ሕግ አለው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ዝንጀሮ ጠላታችን ነው ብለን ብቻ እንደ ፈለግን አንገድለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀስ ብዬ ልበል። ብረት ቤት ይጠብቃል ይባላል፤ ብረት ያለው ቤት ግን ሌሊት ይንኳኳል። ማን እንደሚያንኳኳ አልጽፍም። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። የሌለው ሰው «የለኝም» ብሎ ይተኛል። ያለው ሰው ደግሞ ስጥ ሲባል እንቢ ቢልም መከራ፣ እሺ ቢልም መከራ ነው። ይህንን ከስሌቱ ውስጥ አስገቡት።

እቁቡን ምን አደረግኸው ትሉኝ ይሆናል። ግማሹ እህቴን ይዤ ባሕር ዳር ስሄድ አለቀ። ሐኪሙ መረመራትና የተጎዳው የውስጡ የመስሚያ ክፍል ነው፣ አይመለስም አለን። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ መሄዴን ሳስበው ያናድደኛል። እሷ ግን ስንመለስ በመኪናው መስኮት ስታይ ዋለች፤ «ቢያንስ አባይን አየሁ» አለችኝ።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ጋሼ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ ምክሬ ይኸውልህ። በሬውን አትሽጥ። ግንቦት ላይ በሬ የሸጠ ሰው ጥቅምት ላይ የሚጠብቀው እህል የለውም። ዝንጀሮ ዘር የሚጭረው ከተዘራ እስከ በቅሎ ጠንከር እስኪል ነው፤ በዚያ ጊዜ ላይ ጠበቅ ብሎ መገኘት ነው። ቀጥሎ እሸት ሲይዝ እንደገና። በመካከል ያለው ጊዜ ቀላል ነው። ብቻህን ከጠበቅክ ትደክማለህ፤ ማሳችሁ የተያያዘ ጎረቤታሞች ስድስትም ሰባትም ሆናችሁ በተራ ብትጠብቁ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚደርሰው። ዝንጀሮ የሚወጣበትን ገደል አፍ ታውቀዋለህ፤ ማማውን ከማሳው መካከል ሳይሆን ወደዚያ አስጠጋው። ወንጭፍና ውሻ አትናቅ። በገደሉ በኩል ያለውን ጠርዝ በቆሎ ከምትዘራው በርበሬ አድርገው፤ ለሱም ገበያው አለህ፣ ዝንጀሮው ደግሞ እንደ በቆሎ አይጓጓለትም። ሙሉ በሙሉ ይቀርልሃል አልልህም። ጥቂት ይበላል። በጠመንጃም ጊዜ ይበላ ነበር፤ አባቴን ጠይቀው።

ለነገሩ ባለፉት ዓመታት ከዝንጀሮ በላይ በቆሎአችንን የጎዳው በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ነው፤ እሱን ደግሞ ኤስኬኤስ አይመታውም። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልጠህ እየው።

ብረት ያላችሁም አትከፉብኝ። አባቴም አለው። ዛሬ ማታ ግን አውርዳችሁ እዩት፤ ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጥታችሁ።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። አሁን 20 አልፏታል፤ ስታወራ ሁልጊዜ ሰውን በቀኟ ታስቀምጣለች፤ የማያውቃት ሰው የምትመርጥ ይመስለዋል። ሰምታ ስትጨርስ «የትኛው ጆሮዬ እንደሆነ አልጻፍክም» አለችኝ። ግራው ነው።

በሚቀጥለው የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ ስለ ማዛወር እጽፋለሁ። ችግኛችሁ ቢጫ እየሆነ ያለ ካላችሁ ቅጠሉን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ በቀን ብርሃን አንሱት፣ በባትሪ ያነሳችሁት አይታየኝም።